ግድግዳ ያነበበው ባሌ

ባሌ ጡረታ የወጣ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነው። በሥራው ዘመን ስንቱን ወጣት በትንሽ ስህተት ጥሎ አስለቅሷል፤ እኔንም መሪ በያዝኩ ቁጥር «አንቺን ማን አሳለፈሽ?» እያለ ሲያላግጥብኝ ኖሯል።

ሰባ ዓመት ሲሞላው ታዲያ ፈቃዱን ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ግድ ሆነበት።

«እኔን? እነዚህ የትናንት ልጆች?» ብሎ ፎከረ። ጉራው ግን ውስጡን አላሳመነውም መሰለኝ፣ ቀድሞ ከተመረመረ ጓደኛው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ፊደላት ተቀብሎ ሳምንት ሙሉ ሲሸመድድ ከረመ።

የምርመራው ክፍል አብሬው ገባሁ። ነርሷ «ይጀምሩ» ሳትለው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች አነበነበው።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ሰሌዳውን እኮ ገና አልሰቀልኩትም» አለችው።

ኩምሽሽ አለ። እውነት ለመናገር አላሳዘነኝም። ያ ሁሉ ሰው የፈራው ፈታኝ በባዶ ግድግዳ ፊት ተጋልጦ ቀረ።

ነርሷ ሰሌዳውን ሰቅላ ፊደላቱን እያዘበራረቀች ስትጠይቀው በእርግጥም ወደቀ። ስንወጣ አሁንም ወደ ሹፌሩ በር ሲያመራ ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩ። ሞተሩን እንዳስነሳሁ፣

«መስታወትሽን አይተሻል?» አለኝ።

«አይቻለሁ። ይልቅ አንተ ቀበቶህን እሰር፤ ካልታየህ በእጅህ ዳብስ።»

ዳብሶ አሰረ።