በባሕሩ በኩል ያለው መስኮት

ታላቅየዋ በእህቷ መቅናት የጀመረችው ከአገር ቤት እሷ ዘንድ ልትኖር መጥታ ገና ከአውሮፕላን በወረደችበት ቀን ነው። ያቺ አዝላ ያሳደገቻት፣ ንፍጧን የጠረገችላት ልጅ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ ፀሐይ ያወዛው ትከሻዋ እያብለጨለጨ መጥታ ተጠመጠመችባት።

"እታለም! ቤታችንን ስታዪው ትወጂዋለሽ!"

"እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ" አለች ታላቅየዋ በአፏ። ሆዷ ግን ሌላ ነገር አለ።

ቤቱ ገና አላለቀም ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ተጠናቀው ይኖሩባቸዋል፤ በባሕሩ በኩል ያለው መኝታ ቤት ግድግዳው ወገብ ላይ ደርሷል። ታናሽየዋ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ ባሏ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነው። አመሻሽ ላይ ሁለቱ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው "ሶኬቱ የት ይሁን? በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ?" ይባባላሉ። ባልየው ሚስቱን ሳያማክር አንዲት ምስማር አይመታም። ታላቅየዋን ያንገበገባት ይሄ ነው። እሷን ሟች ባሏ አንድ ቀን እንኳ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሏት አያውቅም። የገዛ ቤቷን ቀለም ያየችው ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ለእህቷ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰምሮላታል። የአገሩን ቋንቋ ታንበለብለዋለች። ጎረቤቶቿ በአጥር ላይ ሎሚ ያቀብሏታል። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ባሕር ትገባለች። "ነይ እንጂ፣ ውሃው ለብ ያለ ነው!" ስትላት ታላቅየዋ በጉልበቷ ታመካኛለች። ጉልበቷ ምንም አልሆነም።

አንድ ቀን ባልና ሚስት ሥራ እንደሄዱ ግንበኛው መጣ። የመስኮቱን ስፋት መጠየቅ ፈልጓል፤ ቋንቋ ግን አይግባቡም። ግድግዳውን አሳያትና እጆቹን ዘረጋ፤ ከዚያ ሰብሰብ አደረጋቸው፤ ቅንድቡን አንስቶ መልሷን ጠበቀ። ታላቅየዋ መልሱን አሳምራ ታውቃለች። ባልና ሚስቱ ስንት ምሽት ያወሩት ስለዚህ መስኮት ነው፤ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ባሕሩን የሚያዩበት፣ ግድግዳውን ሊሞላ ምንም የማይቀረው መስኮት።

እጆቿን አነሳች። ትሪ የሚያሾልክ ያህል ብቻ ለካችለት።

ግንበኛው ግራ ገብቶት ደግሞ ጠየቃት። ያንኑ ለካችለት። ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ብሎኬቱን መደርደር ጀመረ፤ እሷም ውሃ እያቀበለችው ዋለች። አንድ ብሎኬት በተቀመጠ ቁጥር ደረቷ ቀለል ይላት ነበር።

ባልየው ከሥራ ሲገባ በድንጋጤ ክው አለ። "ይሄ ምንድን ነው? እስር ቤት ነው እንዴ የምንሠራው? ይሄን ሰውዬ ዛሬ ነው የማባርረው!"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አለች ታላቅየዋ። "የባሕር ነፋስ ደረት ይመታል ብዬ ነው።"

ባልየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ እዚህ አገር እኮ ሙቀት እንጂ ነፋስ ገድሎን አያውቅም..."

"ተው በቃ" አለች ታናሽየዋ፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሎ። "እታለም ለጤናችን አስባ ነው። እንለምደዋለን።"

ታላቅየዋ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ታናሽየዋ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ታላቅየዋ አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

"የነፋስ ነገር አይደለም" አለቻት።

"ምኑ?"

"መስኮቱ። ቀንቼብሽ ነው።"

ታናሽየዋ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ገመዱ ላይ ወረወረችው። "ከመጣሽ ጀምሮ ሳቄን ስትቆጥሪ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ግን ቤቴ ላይ ትመጫለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም!"

"እኔ እኮ..."

"ዝም በይ!"

ታላቋን "ዝም በይ" ስትል በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። ራሷም ደነገጠች መሰል፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ሲቆይ ድምፅዋ ወረደ።

"እኔስ የማልቀና መሰለሽ? እማዬ ስትሞት ራሷን ደግፈሽ ውሃ ያጠጣሻት አንቺ ነሽ። እኔ ለቅሶውን በስልክ ሰማሁ። ያን ቀን ሞትን አይደለም የረገምኩት፤ አንቺን ነው። እናቴን ለብቻዋ ወሰደቻት አልኩ።"

ታላቅየዋን የእናታቸው የመጨረሻ ወራት ትዝ አሏት፤ የሽንት ጨርቁ፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ የማያልቀው ማቃሰት። በዚያ የሚቀናባት ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

"የሚያስቀና አልነበረም" አለች ቀስ ብላ።

"እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

ግንበኛው ግድግዳውን አፍርሶ መስኮቱን ሊያሰፋ መዶሻውን ይዞ እያጉረመረመ ተመልሶ መጣ። ታላቅየዋ ማንም እርጂ ሳይላት ፍርስራሹን በባልዲ እያመላለሰች ደፋች። ባልየው ሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገራትም፤ አልፈረደችበትም።

ክፍሉ ሳይለሰን ከተማው መሐል ልብስ ስፌት ሥራ አገኘች፤ ከሱቁ በላይ ያለችውንም ጠባብ ክፍል ተከራየች። ታናሽየዋ ተቆጣች።

"ምን አጣሽ እኔ ጋ?"

"ራቅ ብዬ ልውደድሽ" አለቻት ታላቅየዋ። "ስቀርብሽ ዓይኔ ይቀላል።"

ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ።

አሁን እሁድ እሁድ ትመጣለች። ቅናቱ ጨርሶ አልለቀቃትም። ባልና ሚስቱ ለአንዲት መደርደሪያ ቦታ ሲመካከሩ ስትሰማ አንዳንዴ አንጀቷን ጠቅ ያደርጋታል። ያኔ ወደ እህቷ ጠጋ ብላ "ዛሬም መጥቶብኛል" ትላታለች።

"በይ እንግዲያው ድንቹን ላጪልኝ" ትላታለች ታናሽየዋ፣ ቢላዋውን እያቀበለቻት።