ባዶ መሬት የተባለው ሰፈር

ማሽኑ ዛሬም የአክስቷን ሰፈር ባዶ መሬት ነው አለ።

ካርታ ሠሪዋ አንጀቷ አረረ። ከተማው በሃያ ዓመት ውስጥ ወዴት እንደሚሰፋ የሚተነብየው የማሽኑ ካርታ ቤት ያለበትን ቀይ፣ ባዶውን ግራጫ ይቀባል። አክስቷ አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁባት የወንዝ ዳር ሰፈር ግራጫ ሆና በላይዋ ሰፊ መንገድ ተሰምሮባታል። ነገ ከንቲባው የመንገዱን ዕቅድ ከፈረሙ የአክስቷ ቤት ይፈርሳል፤ ባዶ መሬት ላይ ደግሞ ካሳ የሚከፈለው የለም።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ቤት ምን እንደሚመስል ያስተማሩት፣ እሷ ከመቀጠሯ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ናቸው። ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ የገዛ ሰፈሩን ጣሪያ እየመረጠ "ይሄ ቤት ነው" ሲለው ከረመ። የማያውቁት አገር አይናፍቅ! የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ብቻ ለምዶ ያደገ ማሽን የዛገውን ጣሪያ አፈር ነው ብሎ አለፈው።

"ጋሼ፣ ካርታው ተሳስቷል" አለቻቸው አለቃዋን።

"አውቃለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። "ተይው። ነገሩ አልጋ በአልጋ የሆነልን መሬቱ ባዶ ስለሆነ እኮ ነው።"

"ባዶ አይደለማ!"

"ካርታው ላይ ነዋ!"

ደሟ ፈላ። ቀኑን ሙሉ የዛገ ጣሪያ እያሳየች ማሽኑን እንደ አዲስ አስተማረችው። የአክስቷን ቤት የለየችው ንፋስ እንዳይገነጥለው ጣሪያው ላይ በተጫነው አሮጌ ጎማ ነው። ወደ ማምሻው ወንዝ ዳሩ ቀይ ለበሰ። ደስ አላት፤ ፈራችም።

በማግስቱ ካርታው የስብሰባው ግድግዳ ላይ ሲበራ አለቃዋ ክው አሉ።

"ክቡር ከንቲባ፣ የማሽን ስህተት ነው! ትናንት ባዶ ነበር!"

"ይሄ ሁሉ ቤት በአንድ ሌሊት በቀለ?" አሉ ከንቲባው። አዳራሹ ሳቀ።

ካርታ ሠሪዋ ተነሳች። "ትናንትም ነበረ። ለማሽኑ ያላሳየነው እኛ ነን።"

"ቁጭ በይ!" አሏት አለቃዋ በሹክሹክታ። "ሥራሽን አትፈልጊውም?"

"እፈልገዋለሁ። ስለምፈልገውም ሠራሁት።"

"ታዲያ ከተማው እዚያ የሚደርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው አላላችሁኝም?" አሉ ከንቲባው።

"ከደረሰ ቆየ፣ ክቡር ከንቲባ። አክስቴ ያረጁት እዚያ ነው። መንገዱ የሚያልፈው በመኝታቸው ላይ ነው። ማፍረስ ካሻችሁ ሰው እያያችሁ አፍርሱ፤ ባዶ ነበር ግን አትበሉ!"

ከንቲባው ብዕራቸውን ከደኑ። "በዚህ አልፈርምም።"

"አጥፊው!" ብለው ጮኹባት አለቃዋ፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ።

አላጠፋችውም።