ያልተጣደው ድስት

«እኔን ማን ይጠይቀኛል! የቤት ዕቃ ነኛ፣ ሲፈልጉ የሚያነሡኝ ሲፈልጉ የሚያስቀምጡኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ከሐዘንተኛ በርጩማዋ ሳትነሣ ይህን ስትል ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ልጇና የአይሁድ ሃይማኖት መምህሩ ረቢ የዛሬ ማታውን በዓል የኦሪት ጥናትና ማዕድ ወደ ጎረቤታቸው አናጢ ቤት ለማዛወር እየተመካከሩ ነበር። በየዓመቱ እዚሁ ቤት ነበር የሚሆነው። አሁን ግን የቤቱ ጌታ፣ ባሏ ሰዓት ሠሪው፣ የመቃብሩ አፈር እንኳን አልደረቀም።

ረቢው አንገቱን ደፍቶ ገባ። «እማማ፣ እንዳናስቸግርዎት ብለን እኮ ነው።»

«ማስቸገርስ ከበር ኋላ ማንሾካሾክ ነው። ሐዘንተኛ ኦሪት አያጠናም፣ ጥናት ልብ ያስደስታል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ግን ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ሻቩዖት ይገባል። ኦሪት የተሰጠችበት በዓል ሲገባ፣ ሰባቱ የሐዘን ቀን ባይሞላም ሐዘን ይቋረጣል። ከበርጩማው ይነሣሉ።»

«ወይ ጉድ! ለዚያ ሰው አንድ ሳምንት እንኳን አይለቀስለትም?»

አፏ እንዲህ አለ እንጂ «ይነሣሉ» የሚለውን ስትሰማ ጉልበቷ ደስ ብሎት ነበር። አፈረች። የሰው ቅዳድ ስትጠግን የኖረች ሴት፣ ለሐዘን የቀደደችውን የራሷን ልብስ ደረቷ ላይ ጨምድዳ ያዘች።

በየዓመቱ በዚህ በዓል ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛዎቹን ያጋጥማል። ጎረቤቱ አይቡን፣ እርጎውን፣ ዳቦውን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ኦሪት በየተራ ይነበባል፣ ከዚያ ይበላል፣ ከዚያ ክርክሩ ይደራል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ተራው ሲደርሰኝ ምን ልል ነው ብላ ከወጥ ቤት አትወጣም።

«ነይ እንጂ!» ይላታል ባሏ።

«ድስቴ ያርርብኛል!»

«እሺ፣ እንዳያርርብሽ።»

የምን ድስት? የሻቩዖት ማዕድ የወተት ነው፣ ሁሉም ቀዝቃዛ። ምድጃው ባዶውን ያፈጣል። የሰዓት አንጀት አገላብጦ የሚያይ ሰው ባዶ ምድጃ ይሰወረዋል? አንድ ቀን እንኳን አላሳጣትም።

ልጇ ጠረጴዛዎቹን ማጋጠም ጀመረ፤ እናቱ እዚሁ ይሁን ብላለች። አንዲት ወንበር ይዞ ቆመ።

«እማዬ፣ ይቺንስ? አባባ ሁልጊዜ ከራሱ ቀጥሎ ባዶዋን ነበር የሚያስቀምጣት።»

«ለማን ብሎ?»

«ላንቺ ነዋ! ደግሞ ንባቡን ከጠረጴዛው ማዶ ያስጀምርና እሱ ጋ ደርሶ ሲያበቃ፣ "በቃ፣ እንብላ" ይላል። እኔማ ረሀብ የማይችል ይመስለኝ ነበር።»

ልጁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ተራው እሷ ጋ እንዳይደርስ ሰውዬው በሆዳምነት ሲታማ ኖሯል። ወንበሯም ባዶዋን ኖራለች፣ እሷ ያልተጣደ ድስት ስትጠብቅ።

ፀሐይ ጠለቀች። ልብሷን ለውጣ መጣች፣ በርጩማውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋች። ጎረቤቶቹ ገብተው ሲቀመጡ ሁሉም ዓይን ወደ ወጥ ቤት ነበር፤ የለመዱት እዚያ ነዋ። እሷ ግን ሄዳ የወጥ ቤቱን በር ዘጋች። ተመልሳም ያቺው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ንባቡ ከማዶ ተጀመረ። በአባቱ ቦታ የተቀመጠው ልጇ የራሱን አነበበና አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዘችው።

«እንብላ እንዳትል። ተራው የኔ ነው። አንተ ቃሉን በጆሮዬ አቀብለኝ፣ ጮክ ብዬ የምለው እኔ ነኝ።»