ጠርዙ የበላው ቁጥር

ወንድሜ ኒያል ባለፈው የካቲት ካረፈ ወዲህ ስለ ሥራዎቹ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። በቅርቡ ማንችስተር ውስጥ አንድ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተውለት፣ ስለ ጠፋችው ልጅ ስለ ካርላ የሠራነውን ፊልም በቴሌቪዥን ከተላለፈው ቀድተው ግድግዳ ሙሉ አድርገው ሲያሳዩት ቆሜ አየሁ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ድርቅ ያለ ነጭ የስልክ ቁጥር ይመጣል። ከጎኑ የተለጠፈው ጽሑፍ «ንድፍ አውጪው ሆን ብሎ የፈጠረው ግጭት ነው» ይላል። ውሸት ነው። ኒያል ያ ቁጥር ሲመጣ ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እንዴት እዚያ እንደገባ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልናገር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔና ኒያል እዚያው ማንችስተር አንኮትስ ሰፈር፣ አንድ የድሮ ጥጥ ፋብሪካ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይተን እንሠራ ነበር። ሙያውን ያስተማረን ትምህርት ቤት የለም፤ የጀመርነው ለጭፈራ ቤቶች የማስታወቂያ ወረቀት በማባዛት ነው። ኒያል የፎቶ ኮፒው ብርሃን ሲያልፍ ወረቀቱን ይጎትተዋል፤ ፊደሉ እንደ ሰም ቀልጦ ይወጣል። ያንን በቴሌቪዥን ያሳይና ቴሌቪዥኑን ራሱን መልሶ በካሜራ ይቀርጸዋል። የፊደል አንገት ይቆርጣል፣ ቃል ላይ ቃል ይደርባል። እናታችን «ምን ይላል ይኼ?» ስትለው «ትንሽ ጠብቂው፣ ይናገራል» ይላት ነበር።

የክልሉ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ጠፉ ወጣቶች ለሚያቀርበው ፕሮግራም የግማሽ ደቂቃ ፊልም እንድንሠራ ጠራን። የጠፋችው ካርላ ክሌግ የምትባል፣ ከማንችስተር አጠገብ ያለችው የኦልድሃም ከተማ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት። ከእናቷ ጋር ተጣልታ በፀደይ እንደወጣች አልተመለሰችም። ፖሊስ ፎቶዋን በየአውቶቡስ ጣቢያው ቢለጥፍም አየኋት ብሎ የደወለ አልነበረም።

«የፖሊስ ወረቀት ሲያዩ ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ» አለ ኒያል። «እሷን የሚያስቆማት የምትወደው ነገር ብቻ ነው።»

ከእናቷ ካሴቶቿንና ግድግዳዋ ላይ የለጠፈቻቸውን የጭፈራ ወረቀቶች ተቀበለ። ከወረቀቶቹ አንዱ የኛ ሥራ ነበር። ኒያል ያንን ካየ በኋላ ምግብ እንኳ በቅጡ አልበላም። ፊልሙን ከነዚያ ወረቀቶች ሠራው። መጨረሻ ላይ የሚደወልበት ቁጥር በጨለማው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ፣ ልትወጣ በር ላይ እንደቆመች ልጅ፣ የቴሌቪዥን ማያው ቀኝ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ ይቆማል። እኔ ሳየው ጸጉሬ ቆመ።

በሚተላለፍበት ቀን ጠዋት ካሴቱን ለጣቢያው አስረከብን። ከሰዓት በኋላ አንድ ቅጂ ይዘን ወደ ኦልድሃም ሄድን፤ የካርላ እናት ሚስስ ክሌግ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝብ ጋር ማየት ፈርተው ነበርና ቀድመው እንዲያዩት ብለን ነው።

«ኑ ግቡ ልጆቼ፣ ጫማችሁን ተዉት፣ ምንጣፉ እንደሆነ አልቆለታል» አሉ። ሻይ ከነወተቱ ቀዱልን። ስልኩ የሶፋው ክንድ መደገፊያ ላይ ተቀምጧል፤ ካርላ ከሄደች ወዲህ ማንንም አያስነኩትም።

ፊልሙን አጫወትንላቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀሱ አዩት። ከዚያ ቁጥሩ መጣ። እንደ ጸሎት እያንዳንዱን አሃዝ ድምፅ እያሰሙ ያነቡት ጀመር፤ መሃል ላይ ቆሙ።

«ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ ምን?» አለ ኒያል።

«ከዚያ ስንት ነው የሚለው? አለቀብኝ እኮ።»

ኒያል ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሉም። ጣቱን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሄድ መለስ አደረገ፤ አቧራ እንጂ ምንም አልነበረም።

የሆነው ወዲያው ገባን። እኛ ጋ ያለው ማያ የባለሙያ ነው፤ ምስሉን እስከ ዳር ያሳያል። ሰው ቤት ያለ ቴሌቪዥን ግን የምስሉን ዳር ዳር ከእንጨት ክፈፉ ሥር ይውጠዋል። ጣቢያው «ከዚህ መስመር ውጪ ፊደል አታስቀምጡ» የሚል መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጥቶን ነበር። ኒያል የሻይ ኩባያ ማስቀመጫ አድርጎታል።

«አሁን አስተካክሉታ» አሉ ሚስስ ክሌግ።

ማስተካከል ማለት ክፍላችን ያለው ኮምፒውተር ምስሉን እንደ አዲስ ለመሥራት ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጭ ማደር ማለት ነው። ፊልሙ የሚተላለፈው ከምሽቱ ዜና በኋላ ነው። ውጪው መጨለም ጀምሯል።

«ስልክ ልጠቀም ይፍቀዱልኝ?» አልኳቸው።

ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። «አሁን ካርላ ብትደውልስ?»

«ወዲያው እጨርሳለሁ።»

መነጋገሪያውን ራሳቸው አንስተው ሰጡኝ። የጣቢያው ስልክ አንሺ «ይጠብቁ» አለችኝና ሙዚቃ ከፈተችብኝ። ሚስስ ክሌግ ከንፈራቸውን እየነከሱ እጄን ያያሉ። ሙዚቃው አያልቅም። ዓይናቸውን መቋቋም አቃተኝና ዘጋሁት። ኒያል መኪናውን ቀድሞ አስነስቶ ነበር።

የእግር ኳስ ጨዋታ ቀን ነው፤ መንገዱ በደጋፊ ተሞልቷል። ዝናቡ ይወርዳል፣ አንድ ሰካራም የመኪናችን ኮፈን ላይ ተደግፎ ይዘፍናል። ኒያል ጡሩምባውን ሲነፋበት «ምን ያጣድፍሃል፣ ሚስትህ ልትወልድ ነው?» አለው።

«አዎ!» ብሎ ጮኸበት ኒያል። ሰውየው ራሱ መሃል መንገድ ገብቶ መኪኖቹን እያስቆመ አሳለፈን።

«ካርላ ዛሬ ብታየው» አለኝ ኒያል ከዚያ በኋላ፣ «ብታየው፣ ልደውል ብላ ብታስብ፣ እና ቁጥሩ ባይሞላላት...»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ጣቢያው ስንደርስ ዘበኛውን አልፈን ወደ ማሰራጫው ክፍል ሮጥን። ሚስተር ሃዎርዝ የተባሉ ትልቅ ሰው ሳንድዊች ይዘው ማያዎቹ ፊት ተቀምጠዋል። ኒያል እየተንተባተበ ነገራቸው።

«አይቼዋለሁ እኮ» አሉ። «ጠዋት ስፈትሸው ከመስመሩ ውጪ ነበር።»

«አይተው ነው ዝም ያሉት?»

«ምን ላድርግ ልጄ? እናንተ የፊደል አንገት የምትቆርጡ ሰዎች ናችሁ። ባለፈው ስልክ ደውዬ ጽሑፋችሁ ተገልብጧል ስላችሁ ስቃችሁብኝ የለ? አሁንም እንደዚያ ፈልጋችሁት መስሎኝ ነው።»

እውነታቸውን ነው።

«አሁን ምን ይደረጋል?» አልኩ እኔ።

«እላዩ ላይ ቁጥር ልጽፍበት እችላለሁ። ያለኝ ግን አንድ ዓይነት ፊደል ነው፣ የኳስ ውጤት የምንጽፍበት። የናንተን ደግሞ በጥቁር መሸፈን አለብኝ፤ ሁለት ቁጥር ከታየ ሰው ይደናገራል።»

መሸፈን ማለት ያ በር ላይ እንደቆመች ልጅ የሚቆመው ቁጥር፣ ኒያል በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚወደው ነገር፣ ይጠፋል ማለት ነው። ማያው ላይ ዜና አንባቢዋ ወረቀቷን ትሰበስባለች፤ የአየር ትንበያው ሰውዬ ገባ።

«ይሸፈን» አለ ኒያል።

ሚስተር ሃዎርዝ ሳንድዊቹን አስቀምጠው ጣታቸውን የጽሕፈት ሰሌዳው ላይ አዘጋጁ። «ቁጥሩን በለኝ።»

ኒያል በጣቱ አየር ላይ ይስል ጀመር። ለሳምንታት ሲያቀልጠው፣ ሲጎትተው፣ ሲያነሳው ሲጥለው የከረመ ቁጥር ነው፤ ቅርጹን እንጂ ቁጥሩን አያውቀውም። ወደኔ ዞረ። እኔም አላውቀውም።

«በል እንጂ፣ ሰውዬው ነፋሱን እየጨረሰ ነው!»

«ካሴቱ! መጨረሻውን ያሳዩን!» አልኩ። እርሳቸው ጋ ያለው ማያ እንደኛው እስከ ዳር የሚያሳይ ነው። ቁጥሩ እየተንሸራተተ መጥቶ ቆመ፤ እኔ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የመጨረሻው አሃዝ ጋ ስደርስ ደነገጥኩ። ቀልጦ ወደ ታች ፈስሷል።

«አንድ ነው ሰባት?» አሉ ሚስተር ሃዎርዝ።

«አንድ ይመስለኛል» አልኩ።

ኒያል ማያው ላይ ተጠጋ፤ ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘው። «ሰባት ነው። አናቱን ወደ ግራ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ሰባት!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሰባት ነው አልኩዎት!»

ሚስተር ሃዎርዝ ሰባትን መቱ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሱት። የአየር ትንበያው ሰውዬ መልካም ምሽት አለ፤ ፊልሙ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ጥቁሩ ወረደ፤ በላዩ ያ ነጭ፣ ድርቅ ያለ፣ የኳስ ውጤት ፊደል መጣ። ኒያል ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እየቆጠርኩ አነበብኩት። ሞልቷል።

ስልክ የሚቀበሉት ሴቶች ከታች ባለ ክፍል ነበሩ። ወርደን በሩ ላይ ቆምን። ግሌንዳ የምትባል ቁጡ ሴት «ውሃ አትጠጡም? አየር አትስቡም? በሩ ላይ ተገትራችሁ መንገዱን ዘጋችሁት» አለችን። መጀመሪያ የደወለው አንድ ሽማግሌ ነው፤ ቴሌቪዥኔ ተበላሸ ወይ ብሎ። ግሌንዳ ኒያልን በክፉ አየችው። ቀጥሎ የደወለው ዝም ብሎ ዘጋ። ከዚያ ስልኮቹ ጸጥ አሉ። ኒያል የበሩን እንጨት በጥፍሩ ይልጣል።

እንደገና ስልክ ሲጠራ ግሌንዳ አነሳች። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። «አዎ የኔ ቆንጆ» አለች፣ ድምፅዋ ተለወጠ። «አይ፣ ማንም አይከታተልሽም። በልተሻል ዛሬ?» እንደገና አዳመጠች፣ ከዚያ መነጋገሪያውን በመዳፏ ሸፈነች።

«እሷ ናት» አለችን በሹክሹክታ። «ፊልሙን የሠራው ማነው ትላለች። ቁጥሩ ግን ያስጠላል አለች።»

ኒያል የሳቅ ይሁን የለቅሶ ያልታወቀ ድምፅ አወጣ።

«ከእናትሽ ጋር ላገናኝሽ?» አለች ግሌንዳ ወደ ስልኩ። መልስ ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። ከዚያ ግሌንዳ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀችና አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ መነጋገሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ከስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ቆይታ ጸንታ በራች። ኦልድሃም ላይ ስልኩ ተነስቷል ማለት ነው። ምን እንደተባባሉ አናውቅም። «ካፖርትህ ርሷል፣ አውልቀው» ብዬ ብነግረውም ኒያል አልሰማኝም። ከመብራቷ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሟል፤ መብራቷም አልጠፋችም።