የአራሷ ወተት

ምራቴ ሳውኬይ በወለደች በአስራ አንደኛው ቀን ወተቷ ነጠፈ። ልጁ ጡቷን ይይዝና ሁለት ሦስቴ ስቦ ይለቀዋል፤ ከዚያ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ለቅሶ ነው። የቆርቆሮ ወተት ስንሰጠው የጠጣውን ሁሉ መልሶ ያወጣዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መዝናው «በሁለት ቀን ውስጥ ካልጨመረ እዚህ አስተኝተን እናክመዋለን» ብላናለች። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ ከወጥ ቤት መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት። ልጄ «እማ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» ቢለኝ ተቆጥቼ ወደ ሥራው አባረርኩት።

ይህ እንዴት በእኔ ቤት ይሆናል? እዚህ ሹንዴ ከተማ፣ በቦዩ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ አራስ በተገኘች ቁጥር የምጠራው እኔ ላን ነኝ። ማን ብርድ እንደገባው፣ ማን ሙቀት እንደበዛበት ፊቱን አይቼ እናገራለሁ። የወለደች ሴት ገላዋ ክፍት ነው፣ ብርድ ይገባዋል። ስለዚህ መስኮቱን ዘግቼ፣ በዚህ በሰባተኛው ወር ወበቅ ካልሲ አስደርጌ፣ ፀጉሯን እንዳትታጠብ ከልክዬ አስቀምጫታለሁ። የአሳማ እግር በዝንጅብልና በጥቁር ኮምጣጤ ሠርቼ ለጎረቤት ሳይቀር አድያለሁ። ሳውኬይ ግን ነካክታ ትተወዋለች። እኔ ደግሞ ምግቤን ሲተዉብኝ አልወድም። ሆዷ እንዲፈጭላት ብዬ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ሾርባዋ ውስጥ የተቆላ ብቅል ጨመርኩ። አልበላ ባለች ቁጥር አንዱን ጭብጥ ሁለት አደረግሁት።

ወተቱ ሲጠፋ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። ብዙም አልደከምኩ፤ ቆሻሻው ውስጥ የሐብሐብ ልጣጭ አገኘሁ። አምጪዋ የሳውኬይ እናት ኩዋን ነበረች፤ ከገጠር መጥታ ልጇ ዘንድ ሰንብታለች።

«ሐብሐብ!» አልኩ ልጣጩን አፍንጫዋ ሥር ወስጄ። «ከሐብሐብ የባሰ ቀዝቃዛ ነገር አለ? ለአራስ!»

«አንዲት ቁራጭ ናት፣ እትዬ ላን። ልጅቱ በወበቅ ነደደች እኮ። እርስዎስ በዚህ ካልሲ አንድ ሰዓት ይቆያሉ?»

«ወተቷን ያደረቅሽው አንቺ ነሻ!» አንቱታው ከአፌ በረረ።

«ወተቷ መቀነስ የጀመረው ከሐብሐቡ በፊት ነው። ይልቅ ሾርባው ውስጥ ምን ይገባል? የተቆላ ነገር ይሸተኛል።»

«የኔን ድስት ነው የምታሸቺው? አገር ሁሉ አራሱን የሚሰጠኝን ሴትዮ?»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ።

«ውጪልኝ ከቤቴ!»

ሳውኬይ ከውስጥ «እማማ፣ ተዉ፣ እባክዎ» እያለች አለቀሰች። ኩዋን ልጇን ስማ፣ ልብሷን ጠቅልላ በከሰዓቱ አውቶቡስ አገሯ ገባች። ሳውኬይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ጥፋተኛዋ ሄደችልኝ ብዬ ማታውን ሌላ ድስት ጣድኩ።

ጠዋት ግን ልጁ ድምፁ ሰልሎ አገኘሁት። መጮህ አቅቶት ያቃስታል። በነጠላ ጫማዬ ወደ ባህል መድኃኒት ሻጩ ወደ ፉንግ ሱቅ ሮጥኩ።

«ጋሼ ፉንግ፣ ወተት የሚያወርድ ነገር ይስጡኝ፣ ቶሎ!»

«ቆይ፣ ቆይ። እስካሁን ምን እያበሏት ነው?»

አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ኩራቴ እዚያም አልተለየኝም፤ የዝንጅብሉን ዓይነት ሳይቀር ነገርኩት። ብቅሉ ላይ ስደርስ ሚዛኑን አስቀመጠ።

«የተቆላ ነው?»

«አዎ፣ ቡናማ እስኪሆን።»

«እትዬ ላን» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ልጅ ጡት የሚያስጥሉ ሴቶች ከእኔ ምን ገዝተው ነው የሚሄዱት?»

የተቆላ ብቅል ነው። አውቀዋለሁ። ልጄን ጡት ሳስጥል እኔው ራሴ፣ ከዚሁ ሱቅ፣ ከፉንግ አባት እጅ ገዝቼ ጠጥቼዋለሁ፤ በሦስት ቀን ጡቴ ባዶ ሆኗል። ብቅል ለሆድ ነው ብዬ ስቆላ ጡት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። እውነቱን ልናገርና፣ የሳውኬይ ሆድም ቢሆን አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሳህኔ ሙሉውን መመለሱ ነበር።

«ይመለሳል?» አልኩት።

«ዛሬውኑ ካቆሙት፣ ልጁንም ደጋግመው ካስጠጉት ሊመለስ ይችላል። ዓሣ በኦቾሎኒ ቀቅሉላት። ደግሞ አታስጨንቋት። የተጨነቀች ሴት አታጠባም።»

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ሳውኬይ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ በሌላው የማታውን ሾርባ አሙቃ ትጠጣለች።

«አስቀምጪው!» ብዬ ጮህኩ።

ክው አለች። «እየጠጣሁ ነው እማማ፣ ልጨርሰው ነው፣ አይቆጡ» ብላ ጎድጓዳውን ሳህን መልሳ ወደ አፏ አስጠጋች።

እንዲህ ነው ለካ የምትፈራኝ። ሳህኑን ከእጇ ቀምቼ ከነትኩሱ መስኮቱን ከፍቼ ደፋሁት። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሌሎች ሴቶችን ስቆጣበት የኖርኩት አፍ አንድ ቃል አቃተው። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊቷ ቆሜ ደወልኩ።

«አቤት» አለች ኩዋን።

«እትዬ ኩዋን፣ ላን ነኝ። ይምጡልኝ። ወጥ ቤቱን እርስዎ ይያዙት፣ እኔ ድስት አጥባለሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝም ደስ ባለኝ።

«ልጁ ጠባ?» አለችኝ።

«አልጠባም።» ሳውኬይ ልጁን አቅፋ አይን አይኔን ታየኛለች። «ሾርባው ነው። ወተቷን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።»