የጉተታ ዱካ

ተኩሱ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛ እስኪሰማ ጠበቅኩ፤ አልተሰማም። አጎቴ ኤልሮይ አንዴ ተኩሶ ዝም ካለ አጋዘኑ ወድቋል ማለት ነው። ድምፁ የመጣው ከጥድ ረግረጉ መካከል፣ ምንም ዓይነት ተሽከርካሪ ከማይገባበት ቦታ ነው። ጥይቶቹን ከጠመንጃዬ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና ዛፍ ላይ ከተሠራው መቀመጫዬ ወረድኩ።

እኔ ጠዋቱን ሙሉ አልተኮስኩም። አንዲት እንስት አጋዘን ከነግልገሏ በፊቴ አልፋለች። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀድዷል። ግልገሉ እሷ በረገጠችበት ብቻ እየረገጠ ይከተላታል። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ከማየት ያለፈ ነገር ግን አልመጣልኝም። ካለፈው ኅዳር ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሁሉን አያለሁ፣ ምንም አይነካኝም።

ኤልሮይ የአባቴ የሌስተር ታናሽ ወንድም ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በጸደይ ሐኪሞች የልቡን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ ከፍተውለት፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ በረዶ እንኳ በአካፋ እንዳይዝቅ ነግረውታል። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሲል ሚስቱ በርናዲን ቤቴ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ማድ ቤቴ ውስጥ ቆመች።

“መሄዱን ላስቀረው አልችልም፤ አርባ ዓመት ሞክሬዋለሁ” አለችኝ። “አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ ማርሊስ። እንዳይጎትት።”

“እሺ” አልኳት። እንዴት እንደምከለክለው እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላወቅኩም።

እዚህ ሰሜን ዊስኮንሲን እያንዳንዱ የአደን ጎጆ የራሱ ደንብ አለው። የእኛን ያወጣው አያቴ ነው። አጋዘኑን የሚጎትተው የገደለው ሰው ነው። ሌላው ገመዱን የሚነካው ገዳዩ ራሱ “ያዝልኝ” ካለ ብቻ ነው። ያን ቃል የተናገረ ሰው ወቅቱ እስኪያበቃ የጎጆውን ሳህን ያጥባል፤ ወሬውም በየዓመቱ ይነሣበታል። የአያቴ ጓደኛ ሃርላን አንድ ጊዜ ብሎታል። ሃርላን ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ከሳህን ጋር ነው። አጋዘኑ ደግሞ ሙሉውን ገብቶ ከጎጆው በር ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። አባቴ “ያዝልኝ” ብሎ አያውቅም። ኤልሮይም እንደዚያው።

አባቴ የሞተው ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ ረግረግ ውስጥ፣ አጋዘን ሲጎትት ነው። ሳይመለስ ሲቀር ፍለጋ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ያገኘሁትም እኔ ነኝ። በማግስቱ ከሸሪፉ ረዳት ፖሊስ ጋር ተመልሼ ዱካውን ከመነሻው አየሁት። በረዶው ንጹሕ ስለነበረ ሁሉም ነገር ተጽፎ ይነበባል። አጋዘኑ የተጎተተበት መስመር መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለና ረጅም ነው። አባቴ ለማረፍ በተቀመጠበት ሁሉ የመቀመጫውና የሁለት ተረከዙ ምልክት ቀርቷል። የመጀመሪያው ዕረፍት ከመነሻው የኳስ ሜዳ ያህል ይርቃል። ቀጥሎ ያለው የአንድ ቤት ርዝመት ያህል፤ ቀጥሎ የፒካፕ መኪና ያህል። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ መካከል የነበረው እሱ ራሱ ቢጋደም የሚሞላው ቦታ ብቻ ነው። ገመዱን በእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞት ነበር።

ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኩት። የሸሪፉ ረዳት ጻፈና “በደንብ አስተውለሻል” አለኝ። አመሰገንኩት። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ሲበላ እኔ ወንበር እያጣጠፍኩ እደረድር ነበር።

ኤልሮይ ጋ ስደርስ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ጨርሷል። ጉበቱን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ግንድ ላይ አስቀምጦታል። እጁን በበረዶ እያሸ ነበር።

“ምነው ዘገየሽ? ሥጋው ደርቆ ቋንጣ እስኪሆን ልጠብቅሽ?”

“አንድ ተኩስ ነው የሰማሁት።”

“ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል? ሁለት የሚያባክነው አባትሽ ነው።” ከዚያ ያለውን የሰማው ይመስል ወደ አጋዘኑ ዞረ። “በይ ቀንዱን ቁጠሪልኝ። መነጽሬን ጎጆ ረስቻለሁ።”

“አሥር ቅርንጫፍ አለው።”

“ያለ መነጽር አሥራ ሁለት ነበር የመሰለኝ” አለ። ግን ደስ ብሎታል። ወፍራም አንገት ያለው፣ ትልቅ አውራ አጋዘን ነው፤ እንዲህ ያለ በእኛ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል። ኤልሮይ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ቀንዱ ሥር አሰረ። ጫፉ ላይ የተጠመጠመውን አረንጓዴ ፕላስተር አወቅኩት። የአባቴ ገመድ ነው። ፖሊሶቹ በከረጢት አድርገው መልሰውልን ነበር፤ ኤልሮይ መቼ እንደወሰደው አላውቅም።

“እኔ ልጎትተው” አልኩ።

“አንቺ ነሽ የገደልሽው?”

“አይደለሁም።”

“ታዲያ?”

“አክስቴ በርናዲን . . .”

“በርናዲን እዚህ አለች እንዴ? አላየኋት።”

ከዚያ ቦታ እስከ ድሮው የግንድ ማውጫ መንገድ ድረስ መጎተት አለበት። ባለ አራት ጎማው ሞተር የቆመው እዚያ ነው። መካከሉ የወደቀ ጥድና በበረዶ የተሸፈነ ውሃ ነው፤ በበረዶ ላይ የሚጎተት መንሸራተቻ እንኳ ግንዱ ላይ እየተሰካ አያልፍም። የኤልሮይ ልጅ ዌይድ ጉልበቱ አብጦ ጎጆ ውስጥ ወጥ ሠሪ ሆኗል። ስልክ የሚይዘው ከመንገዱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩና የሁለታችንን ጠመንጃ ተሸከምኩ።

ኤልሮይ ገመዱን በትከሻው ላይ አሳልፎ ጎተተ። ደንቡ መንገድ መጥረግን አይከለክልም። ስለዚህ ከፊቱ እየሄድኩ ቅርንጫፍ አነሣሁ፣ ትንንሽ ግንዶችን ገፋሁ፣ ውሃ ያለበትን በእግሬ እየነካሁ አሳየሁት።

“የሙሽራ መንገድ አስመሰልሽው እኮ!” አለኝ ከኋላዬ። “አበባም በትኚበት።”

ልጡ ነጭ በሆነው ትልቅ የበርች ዛፍ ሥር አረፈ። ወደኋላ አየሁ። ረጅም ነው፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ዕረፍት ግን ወዲያው መጣ። ግንድ ላይ ተቀምጦ የብርቱካናማ ሰደርያውን ቁልፍ ፈታ። ከአፉ ዙሪያ ያለው ቆዳ አመድ መስሏል። በሌላ ጊዜ ሲያርፍ ያወራል፤ አሁን ዝም ብሏል። ግራ እጁን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል።

“እጅህ ምን ሆነ?”

“ገመዱ ነው።”

“ገመዱን የያዝከው በቀኝህ ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ አደን ልትረጂኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልትመረምሪኝ?”

“ክኒንህን አምጣው።”

ተነጫነጨ። ግን ከደረት ኪሱ ትንሿን ጠርሙስ አውጥቶ አንዲት ክኒን ከምላሱ ሥር አደረገ። ክኒኗ እስክትሟሟ ተቀመጥን። ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ጎተተ። በዚህ ጊዜ የፒካፕ መኪና ያህል ሄዶ ቁጭ አለ።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ያኔ ነገርኩት።

“የአባዬን ዱካ አይተኸው ነበር?”

“አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።”

“እኔ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙ እየሄደ ነው ያረፈው። ከዚያ እያጠረ፣ እያጠረ መጣ። የመጨረሻው የሰው ቁመት ያህል ነው።” ድምፄ የአየር ሁኔታ የማነብ ይመስል ነበር። “ወደኋላ ዞረህ የራስህን እይ።”

አልዞረም።

“ሌስተር ጭንቅላቱ ድንጋይ ነበር” አለ።

“አዎ።”

“እኔ ሌስተር አይደለሁም።”

“ዞር ብለህ እይ እንግዲህ።”

ብድግ አለ። አጋዘኑን የራሱን የአጋዘኑን ርዝመት ያህል ብቻ ስቦ ተንበረከከ፤ ከዚያም በረዶው ላይ ተቀመጠ። ገመዱ ከጓንቱ እያመለጠ አስቸገረው። ጓንቱን አወለቀና ገመዱን በእጁ አንጓ ላይ አንዴ ጠመጠመ። ደግሞ አንዴ።

ጠመንጃዎቹን ዛፍ ላይ አስደገፍኩ። ቢላዬን መዝዤ ከአጋዘኑ ኋላ ተንበረከክኩ።

“ምን ልትሠሪ ነው?”

“ልበልተው።”

“ምን?”

“እዚሁ እበልተዋለሁ። ብልት ብልቱን ተሸክሜ አወጣዋለሁ።”

“ማርሊስ! አባቴ ባቆመው ምሰሶ ላይ የተበለተ ሥጋ ተሰቅሎ አያውቅም።”

“ዘንድሮ ይሰቀላል።”

“እኔ ነኝ የገደልኩት! ያዥልኝ አላልኩሽም!”

“አላልክም። እኔም ገመዱን አልነካሁም።”

ቆዳውን ከታፋው ውስጥ በኩል ሰንጥቄ ገባሁ። ኤልሮይ ይሳደብ ነበር። እኔን፣ አያቴን፣ ሐኪሙን፣ የሞተውን ሃርላንን ሳይቀር ሰደበ። ለመነሣት ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሥጋው ይሞቅ ነበር፤ ጣቶቼ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደንዝዘው ስለነበር ሙቀቱን የማውቀው ከሚወጣው እንፋሎት ነው። ቢላዋው አጥንት ነካ። ገፋሁት። ተንሸራተተና እንደገና አጥንት ነካ።

ስድቡ ቆመ።

“አጥንቱን አትገዝግዢው” አለ። “ቢላዋውን ታበላሺዋለሽ።”

አሁንም ገፋሁት።

“መጋጠሚያው ከዚያ በላይ ነው። ተይው ቢላዋውን፤ በአውራ ጣትሽ ፈልጊው።”

“ጣቴ አይሰማኝም።”

ከዚያ ገመዱን ከአንጓው ላይ ሲፈታ አየሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። በረዶው ላይ ጣለው። በጉልበቱ እየዳኸ መጥቶ ከጎኔ ተንበረከከ። እጄን ያዘና አውራ ጣቴን የኳሷ አጥንት ከጎድጓዳው የምትገባበት ቦታ ላይ አሳረፈው።

“እዚህ ጋ። አሁን ጫፉን ብቻ አስገቢ። አትግፊ፣ ራሱ ይከፈታል።”

ራሱ ተከፈተ።

የቀረውን እሱ ተቀምጦ እየነገረኝ በለትኩ። አንዱን የኋላ እግር ለመሸከም ለይቼ የተረፈውን፣ ከነጭንቅላቱ፣ በአባቴ ገመድ ቀበሮ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልኩ። ኤልሮይ ጭንቅላቱን ካልተሸከምኩ ብሎ ትንሽ ተከራከረ፤ ክርክሩ ግን ከልብ አልነበረም። ጉበቱን ያዘ። ጠመንጃዎቹንም እኔ ወሰድኳቸው። እየቆምን፣ በጣም ቀስ ብለን ሄድን። መንገዱ ጋ ስንደርስ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለበርናዲን ደወልኩ። አልጮኸችም። “መኪና አስነሥቻለሁ” ብቻ አለችኝ።

ዌይድ በአንድ እግሩ እያነከሰ በሩ ላይ ወጣ። የአጋዘኑን እግር ተሸክሜ ሲያየኝ ምሰሶውን አየ፣ እኔን አየ፣ አባቱን አየ።

“ሥጋ ቤት ነበር የሄዳችሁት?” አለ። “ደረሰኝ ተቀብላችኋል?”

“ዝም ብለህ ሽንኩርት ክተፍ” አለው ኤልሮይ፤ ጉበቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

የፊቱ ቀለም ተመልሷል። ጉበቱ ሲጠበስ ሁለት ጉርሻ ያህል ብቻ ቀመሰ። በርናዲን እስክትደርስና ሐኪም ቤት እስክትወስደው እንዲቀመጥ ነገርኩት። ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ግን ተነሣና እጅጌውን ጠቀለለ። ሳህኖቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቦ፣ ከምድጃው ሙቅ ውሃ በማጠቢያው ቀድቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ማጠብ ጀመረ።

ዌይድ አፉን ከፈተ። አየሁት። አፉን መልሶ ዘጋ።

ኤልሮይ እያንዳንዱን ሳህን ከፊትም ከኋላም አጠበ። እኔ ከጎኑ ቆሜ አደረቅኩ። የበርናዲን መኪና ደጃፉ ላይ ሲቆም ገና መጥበሻው ይቀረው ነበር፤ እሱንም ሳይጨርስ አልወጣም።

ሐኪሞቹ እዚያው አሳደሩት። በማግስቱ ጠዋት በርናዲን ደውላ፣ ኤልሮይ በሆስፒታሉ ቁርስ እየተማረረ እንደሆነና ቀንዱን እንዳልረሳ አደራ እንዳለኝ ነገረችኝ። እንደማልረሳ ነገርኳትና የቀረውን ሥጋ ላመጣ ወደ ረግረጉ ተመለስኩ።

ዱካውን ከመነሻው ጀምሬ ተከተልኩት። የጉተታው መስመር መጀመሪያ ላይ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ የዕረፍቶቹ ምልክት እየተቀራረበ ይመጣል። ከዚያ በእግር የተደበደበ፣ የቀላ በረዶ አለ። የጉተታው መስመር እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሁለት ሰው እግር ነው፤ ጎን ለጎን ሆኖ እስከ መንገዱ ይሄዳል።

ቆሜ አየሁት። የሆነ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ጠበቅኩ። እጄ ይበርደኝ ነበር፤ በተለይ አውራ ጣቴ። አዲስ በረዶ መጣል ጀምሮ ነበርና ገመዱን ፈትቼ ሥጋውን አወረድኩ።