ሁለት ሰው የሚያጠጣው ኮምፕረሰር

ምራቲቱ የመኪና ቀለም ቀቢ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ አገር ላገር ስለሚዞር፣ ጋራዡ ውስጥ የምትውለው ከአማቷ ጋር ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ጎማ ሲጠግኑ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ተዉ፤ ጋራዡን ግን አልተዉም። ማለዳ ቀድመዋት ይመጣሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ለቀለም መርጫዋ አየር የሚያምቀውን፣ በመኪና የሚጎተተውን ትልቁን ኮምፕረሰር አስነስተው ያሞቁላታል። ስትደርስ "ነይ እናቴ፣ ፈረስሽ ተጭኗል" ይሏታል።

አንድ ቀን የአንዲት አስተማሪ መኪና በር ላይ የመጨረሻውን ቀለም ስትረጭ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም እየሸሸ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎደጎደ። የአየሩን ቱቦ ከመርጫው ነቅላ ነጭ ጨርቅ ላይ አስነፈሰችው። ጨርቁ በዘይት ራሰ። ብዙም ሳይቆይ ኮምፕረሰሩ ራሱ ግሎ ቀጥ አለ።

"ልፋቴን ሁሉ አፈር አበላው!" ብላ ጨርቁን ወረወረችው።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ዘይት አንሶት ይሆናል፤ ልጨምርለት?"

"አባባ፣ ዘይት እየተፋ እኮ ነው! እንዴት ያንሰዋል?"

አየሩ ወጥቶ ማሽኑ እስኪበርድ ጠበቀችና የዘይቱን ማሳያ መስታወት ጠርጋ አየች። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ መስታወቱን ሞልቶታል።

"ማነው እንዲህ የሞላው?"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሳየው ጎድሎ አገኘዋለሁ። አንቺ በዘይት እንዳትጨማለቂ ብዬ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ።"

"መቼ ነው የሚያዩት?"

"ካስነሳሁት በኋላ ነዋ! ተኝቶ ሳለ ምኑን አውቃለሁ?"

ነገሩ ገባት። ማሽኑ ሲሠራ ዘይቱ በሆዱ ውስጥ ስለሚዞር መስታወቱ ላይ የጎደለ ይመስላል፤ ልኩ የሚታወቀው ጠፍቶ ሲረጋ ነው። የተረፈው ዘይት አረፋ እየሆነ፣ ማጣሪያውን አልፎ ከአየሩ ጋር ወጥቷል። የሽማግሌው እጅጌ ጫፍ ላይ የዘይት ነጠብጣብ አየች፤ ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

"እኔም አለሁበት" አለች። "እርስዎ ጎንበስ ብለው ወገብዎን እንዳያምዎ ብዬ፣ ማታ ማታ ስንዘጋ እጨምር ነበር። ደግሞ ቸኩዬ፣ ሳይረጋ።"

"እንዲህ ነው እንዴ!" ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። "ታዲያ ሁለታችን ስናጠጣው ሰክሮ ነዋ ያስመለሰው!"

ሳቁ። ትርፉን ዘይት አፍስሳ፣ በዘይት የራሰውን ማጣሪያ ቀይራ አስነሳችው። አየሩን አዲስ ጨርቅ ላይ ብታስነፍሰው ጨርቁ ንጹሕ ሆነ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ግን እንደገና ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረ። ቶሎ አጠፋችው። ሲበርድ ሽፋኑን ፈትታ እንደ መኪና ራዲያተር ያለውን ማቀዝቀዣውን ብታይ፣ ከውስጥ በኩል የቀለም ብናኝና የዘይት እድፍ ተጋግሮበት ንፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። ማሽኑን ቀለም ከሚረጭበት ጥግ አጠገብ ያቆመችው እሷው ናት።

ማቀዝቀዣውን ነቅላ በሳሙና ውሃ ዘፈዘፈችው፤ በለስላሳ ብሩሽ አጠበችው። ቀጫጭኖቹ የብረት ቅጠሎች ብዙ ቦታ ተጣመዋል። በቢላ ጫፍ ልታቃና ብትሞክር ይብሱን አጎበጠቻቸው።

"አምጪው ወዲህ" አሉ ሽማግሌው። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና በጣታቸው እየዳበሱ፣ አንድ በአንድ ያቃኗቸው ጀመር። "እናቱ ከሞተች በኋላ የዚያን የባልሽን ጠጉር እንዲህ አድርጌ ነበር የማበጥረው።"

"ቅማል ነበረው እንዴ?"

"ሞልቶት! እንዳትነግሪው ብቻ።"

እሷ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የተበላሸውን በር በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀች፣ ስለ ባሏ ልጅነት ሰምታ የማታውቀውን ስትሰማ ዋለች። ማቀዝቀዣው ተገጥሞ፣ ማሽኑ ንፋስ ወዳለበት ደጅ ወጥቶ ሲነሳ፣ ቀስቱ ከልኩ ንቅንቅ አላለም። አስተማሪዋ መኪናዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ "በሩ ትንሽ አሞት ነበር፤ ነገ ይሻለዋል" ብለው የመለሷት ሽማግሌው ናቸው።

"አባባ" አለች ሲዘጉ፣ "ከነገ ጀምሮ ሳናስነሳው አብረን እንየው።"

"አብረን? እሺ። ግን አታርፍጂ።"

በማግስቱ ማልዳ ስትመጣ፣ ሽማግሌውን ጸጥ ካለው ማሽን አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁለቱም ወደ መስታወቱ ሲያጎነብሱ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም።

"የት ድረስ ነው?"

"መሃል ላይ ነው፣ አባባ።"

"በይ እንዳትነኪው!" አሉና፣ ለመነሳት ትከሻዋን ተደገፉ።